ሁለት እርምጃ ወለል

ከአልማቲ አክታው፣ የሦስት ቀን መንገድ፣
ባልጋ ላይ ጋደም ብሎ፣ ሻይ ጠጥቶ መሄድ።
ባቡሩ ይሮጣል፣ እኛ ተኝተናል፤
ሰው ሳይንቀሳቀስ አገር ይቋረጣል።

ነገሩስ ያምራል፣ ለወጣት ጉልበት፤
እኔ ግን ስልሳ አንድ ሞላኝ በክረምት።
ፒያኖ ቃኚ ነኝ፤ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት፣
መፍቻዬን አንግቼ የምዞር በየዓመት።

አምና በዚሁ ጉዞ፣ ሦስት ቀን ተኝቼ፣
ሦስተኛ ፎቅ ላለው ፒያኖ መጥቼ፣
ከደረጃው ወገብ ቀረሁ ተዝለፍልፌ፣
የብረቱን መያዣ እንደ ልጅ አቅፌ።
አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ቦርሳዬን ተቀብሎ፣
"አያቴ፣ ልደግፍሽ?" አለኝ፣ ተቻኩሎ።
ደግ ልጅ ነው። ቃሉ ግን፣ እንደ ላላ አውታር፣
ዓመቱን በሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ነበር፣
አልቃኝ ያለ ድምፅ፣ ሲያንቋርር፣ ሲያንቋርር።

ስለዚህ ዘንድሮ፣ ባቡሩ ሲነሣ፣
ጫማዬን አወለቅኩ፣ ሳልፈታ ቦርሳ።
በአልጋና ባልጋ መሀል ያለው ወለል፣
ሁለት እርምጃ ነው። ሁለት። ይበቃኛል።

ቁጭ — ብድግ።
ቁጭ — ብድግ።
የሐዲዱ መጋጠሚያ ይቆጥርልኛል፤
እኔ አንድ ሳልጨርስ፣ እሱ ሦስት ይላል።

የመስኮቱን ደፍ በመዳፌ ገፋሁ፣
ደረቴን ወደ ሜዳው አቀረብሁ፣ አራቅሁ፤
አንዲት ግመል ቆማ፣ ስታላምጥ አየችኝ፤
አሥራ አንድ ላይ ስደርስ ወደ ኋላ ቀረችኝ።

ፎጣዬን ከብረቱ አጥልቄ ስስበው፣
ትከሻዬ የሚጮኸው እንደ ዛገ በር ነው።
ፍል ውሃ ወረፋ ላይ፣ ሳሞቫሩ ዘንድ፣
ተረከዜን ከፍ፣ ዝቅ፤ ቀኝ፣ ግራ፣ አንድ ባንድ፤
ኩባያዬ ሳይፈስ፣ እሱ ነው ቁም ነገሩ።
ጉልዚራ፣ የፉርጎዋ አዛዥ፣ አይታ ከበሩ፣
"ሽንት ቤቱ ባዶ ነው" አለችኝ፣ አዝናልኝ፤
ሳቁ ቁርጠት ሆኖብኝ ቆጠራው ጠፋብኝ።

ከላዬ ባለው አልጋ ዳውረን ተኝቷል፤
የነዳጅ ቆፋሪ፣ ፍራሹን ሞልቶታል፤
ሠላሳ ዓመት አልሞላው፣ እጁ አካፋ ያህላል።
"እናቴ" አለ ከላይ፣ አንገቱን አዝምሞ፣
"ባቡሩ እየናጠን፣ የምን መናጥ ደግሞ?"
"ባቡር የናጠው ሰው የሚያወጣው ቅቤ ነው"
አልኩት። ሆዱን አየ። ብርድ ልብሱን ሳበው።

አራል ጣቢያ ቆምን። ጭስ የነካው ዓሣ
ይዘው ቆመዋል ሴቶች፣ ነፋሱ ሲያገሣ።
ዳውረን ወረደ። እኔም ወረድኩ፣ ልራመድ፣
ከፉርጎ እስከ ፉርጎ፣ ጨው ባነጣው መንገድ።
ፊሽካው ሲነፋ እሱ ከመድረኩ ጫፍ ነበር፣
ዓሣውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ሲበር፣ ሲበር።
ጉልዚራ በክርኑ ጎትታ ባታስገባው፣
ይሄን ጊዜ ዳውረን የአራል ሰው ነው።

ደረቱ ሲያፏጭ ቆየ፣ ሁለት ድልድይ ድረስ።
አልሳቅሁበትም። ዓሣውን ስንቆርስ፣
ስለ ደረጃው ነገርኩት፣ ስለዚያ ልጅ ቃል፤
አጥንት እየለቀመ፣ ዝም ብሎ ይሰማል።

ሌሊት ነቃሁ። ቤይነው አልደረስንም ገና፤
ጨረቃ ወለሉ ላይ ተነጥፋለችና፣
ከሁለቱ እርምጃ ላይ ሁለት እግሮች አየሁ፣
ግዙፍ፣ ባዶ። ትንፋሼን ዋጥሁ።
"ስድስት… ሰባት…" ይላል፣ እኔን እንዳይቀሰቅስ፤
በሰባትና በስምንት መሀል ረዥም እስትንፋስ።

ጀርባው ጎብጧል፤ ተረከዙም መሬት አይነካም።
ስሕተት ነው። ቃኚ ደግሞ ስሕተት ሰምቶ አይተኛም።
ግን ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ምንም አልተናገርኩም።

ነገ፣ ዓሣው ሲያልቅ፣ "ተረከዝህን" እለዋለሁ፤
ለዛሬ ሌሊት ግን በልቤ እቆጥርለታለሁ፦

ስምንት።

ሐዲዱ ሃያ ሰባት ብሏል።
ዳውረን፣ ዘጠኝ።